ረሃብ ገበና ነው ወይ?

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። ፈተና ጨርሰን፣ ነቀምቴ ከተማ ውስጥ ከምናዘወትራት ሻይ ቤት፣ አንድ ስምንት የምንሆን ተማሪዎች ተኮልኩለን ነበር። ክርክሩ እንዴት እንደ ተጀመረ አሁን የሚያስታውስ የለም። ብቻ ከመካከላችን አንዱ ጠረጴዛውን በእጁ መታና «እኛ ኩሩ ሕዝብ ነን። ለባዕድ ያልተንበረከክን ሕዝብ ነን። ታዲያ ዓለም በረሃባችን የሚያውቀን ለምንድን ነው? መንግሥታት ቢደብቁትስ ምን ያስደንቃል? ማን ገበናውን አደባባይ ያወጣል?» አለ። ሌላው ብድግ ብሎ «ሬሳ ሸሽጎ ኩራት የለም!» ሲል መለሰለት። ጩኸቱ በረታ፤ ሻያችንም ቀዘቀዘ።

የሻይ ቤቷ ባለቤት ከምድጃው አጠገብ ቆመው ያዳምጡን ኖሯል። የወሎ ሰው ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋር አውቶቡስ ላይ ተጭነው ወለጋ የገቡ ናቸው። «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አልናቸው። ፈገግ አሉና «እኔ ልጆቼ፣ ኩራቱን አላየሁትም። እኔ ያየሁት በቆሎውን ነው» አሉን። የበቆሎውን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ያን ቀን መልስ ሳናገኝ ተለያየን። ነገሩ ግን አልለቀቀንም። ቤተ መጻሕፍት ገብተን የቻልነውን ያህል አነበብን፤ የቻልነውን ያህል ታላላቆቻችንን ጠየቅን። ሌሎች አገሮች መዓት ሲወርድባቸው ምን አደረጉ? ክብራቸውንስ በምን ጠበቁ? እኛስ? ይህ ጽሑፍ የዚያ ፍለጋ ውጤት ነው። ዘመኑን ሁሉ፣ የውጭ አገሩንም ጭምር፣ በኛው አቆጣጠር ጽፈነዋል። ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማየት ይመቻልና።

ከቃሉ እንጀምር። ገበና የቤት ምስጢር ነው። መሶቧ ባዶ የሆነ እናት፣ ጎረቤት ጭስ እንዲያይላት ብላ ባዶ ድስት ትጥዳለች ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። በዚህች እናት የሚስቅ ሰው የለም። ክብሯን ጠበቀች እንላለን እንጂ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ባዶ ድስት የጣደችው እናት የተራበችው ራሷ ናት። ክብሩም የሷ፣ ረሃቡም የሷ። መንግሥት ባዶ ድስት ሲጥድ ግን ክብሩ የሱ ይሆናል፣ የሚራበው ሌላ ነው። የኛ ክርክር ውሉ የጠፋው እዚህ ላይ ይመስለናል። የእናትን ገበናና የመንግሥትን ገበና አንድ አድርገን ነበር።

የጥንቱን ካየን፣ ረሃብ ሁልጊዜ የሚሸሸግ ነገር አልነበረም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰውን መዓት አያት ቅድመ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው ስም አውጥተውለታል። በምፅዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው። ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። ገበሬው በሬ አጥቶ መሬቱ ጦም አደረ። በዚያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ሲቆፍሩ ታዩ፤ በሬ ሲጠፋ በእጅ መቆፈር ነውር እንዳይመስል ነው። መንግሥቱ አቅም አልነበረውምና ሕዝቡ እጅግ አለቀ። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገር ግን ንጉሡ «ረሃብ የለም» አላሉም። ዶማ መያዝም ክብራቸውን አልቀነሰውም፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ የሚነገርላቸው አንዱ ነገር እሱ ነው።

አሁን ወደ 1965 ዓ.ም. እንምጣ። ወሎ ውስጥ ዝናቡ ከከዳ ውሎ አድሯል። የተራበው ሰው ከብቱን ሸጦ፣ የቤቱን ቆርቆሮና እንጨት ሸጦ፣ ወደ ደሴ መንገድ ወጥቷል። መንግሥት አልሰማም ነበር ወይ? ሰምቷል። ሪፖርት አልጎደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው መጡ፤ በግቢው ውስጥም ለተማሪው ታየ። እንግዲህ ያን ጊዜ ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች እንደኛው ሻይ ቤት ተቀምጠው ተከራክረው ይሆናል። መንግሥት ግን የአገር ስም ይጠፋል ብሎ አፉን ዘጋ። የሚገርመው፣ አዲስ አበባ ያሉት ኤምባሲዎችና የተባበሩት መንግሥታት ቢሮዎችም «ባለቤቱ ያልተናገረውን እኛ ምን አገባን» ብለው ዝም ማለታቸው ነው። ገበናችንን ባዕዳንም ሸፈኑልን።

አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ስለዚያ ረሃብ የጻፈውን ስናነብ ደነገጥን። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል አልወደቀም ይላል። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንኳ ብዙ አልናረም። ለምን? የወሎ ገበሬ መግዣ ስላልነበረው! እህል የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው። እናም ሰው በየመንገዱ እየወደቀ፣ ከዚያው ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ድርቅ ከሰማይ ይመጣል፤ ይህ ግን ከሰማይ የመጣ አይደለም።

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ርዕሱ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ትርጉም አለው። ለማን ነው ያልታወቀው? ለእንግሊዝ ነው እንጂ ወሎማ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ስንሰማ አድገናል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር እያቀላቀለ ለሕዝብ አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው፤ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይባላል። ሰውን ያህል ነገር በመቶ ሺህ ልዩነት መገመት ራሱ ምን ያህል እንደ ተደበቀ ይመሰክራል።

አሁን በዚያው ዓመት ሕንድ አገር የሆነውን ተመልከቱ። ማሐራሽትራ በምትባለው ክፍለ አገር ዝናብ በተከታታይ ጠፋ። ምርቱ ክፉኛ ወደቀ። በግንቦት 1965 ዓ.ም. ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መንግሥት በከፈተው የእርዳታ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ነበር። መንገድ ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ የቀን ምንዳውን ይዞ ገበያ ይወጣል። ችግሩ ከባድ ነበር፤ ሆኖም ረሃቡ ወደ እልቂት አልተለወጠም።

የሕንድ ሹማምንት ከኛዎቹ የበለጠ ደጎች ስለ ነበሩ ነው? አይደለም። ያችው ሕንድ በእንግሊዝ እጅ ሳለች፣ በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. ቤንጋል ውስጥ እስከ 3 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው በረሃብ አልቋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? በ1965ቱ ሕንድ ጋዜጣው ይጽፋል፤ የፓርላማ አባል ተነሥቶ ሚኒስትሩን ያፋጥጣል፤ ገበሬው ሰልፍ ይወጣል፤ ምርጫም ይመጣል። ሹሙ ቢደብቅ የሚያጣው ወንበሩን ነው። የኛው ሹም ደግሞ ቢናገር ነበር ወንበሩን የሚያጣው። ነገሩ ይኸው ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ንጉሡ ወረዱ፣ ትምህርት ተወሰደ» ይል ይሆናል። እኛም እንዲያ ብለን ነበር። ነገር ግን አሥር ዓመት ቆይቶ የመጣው «ሰባ ሰባት» የባሰ ነበር። ያን ጊዜ እኮ ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበረን። ኮሚሽኑም በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለረጂ አገሮች ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው አደጋ ላይ መሆኑን አስታውቋል። ረጂዎቹ ጆሮ ዳባ አሉ፤ ይህም የታወቀ ነው። የኛ መሪዎች ደግሞ ዐይናቸው በሌላ ነገር ላይ ነበር። የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ መጥቷል። አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ ተሸፈነች፤ ቅስት ተተከለ፤ ሐውልት ቆመ፤ ሰልፉ ለወራት ተለማመደ። ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳይሄድ ተከለከለ። የምትበላው የላት የምትከናነበው አማራት የሚባለው ይኼኔ ነው። ትግራይና ወሎ ውስጥ ደግሞ ጦርነቱ እህል የሚሄድበትን መንገድ ዘግቶ ነበር።

በዓሉ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በደመቀ ሁኔታ ተከበረ። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከቆረም ያመጡት ፊልም ታየ። ዓለም ተንጫጫ። ዘፋኙ ዘፈነ፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ አውሮፕላን መጣ። ገበናችን ለሁለተኛ ጊዜ በባዕድ ካሜራ ተከፈተ። እስከዚያው የሞተው ግን ሞቷል። ጠቅላላው የ«ሰባ ሰባት» ሟች ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል።

«ድሀ አገር ምን ታድርግ?» የሚል ካለ፣ በዚያው ዘመን አፍሪካ ውስጥ የሆነውን ይይ። ቦትስዋና ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል በድርቅ ስትመታ፣ መንግሥቷ ለሕፃናት ምግብ አደለ፣ ለአዋቂው ሥራ ከፈተ፤ ከረሃብ እልቂትም ተረፈች። ጎረቤታችን ኬንያ በ1976 ዓ.ም. ዝናብ ሲከዳት ሳትዘገይ ከውጭ እህል ገዛች። እልቂቱን አመለጠች። ኬንያ የውጭ እህል በመግዛቷ ኩራቷ የቀነሰ መስሎ የታየው ማንም የለም።

ከረሃብ ወጣ ብለን ሌላውን መዓት ብናይም ነገሩ ያው ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1968 ዓ.ም. ቻይና ውስጥ ታንግሻን የተባለች የኢንዱስትሪ ከተማ በሌሊት ተንቀጠቀጠች። በመንግሥቱ ቁጥር እንኳ የሞተው ከ240 ሺህ ይበልጣል። የውጭ እርዳታ መጣ ቢባል ቻይና «በራሳችን እንወጣዋለን» ብላ በሩን ዘጋች። በራስ መቻል ትልቅ ቃል ነው። ፍርስራሽ ሥር ላለ ሰው ግን ቃሉ አይደርሰውም። ይህችው ቻይና ግንቦት 4 ቀን 2000 ዓ.ም. ሲችዋን ላይ ሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ የጃፓንን የነፍስ አድን ቡድን ሳይቀር አስገባች። የጥንት ባላንጣዋን ጃፓንን! በዚህ ምክንያት ቻይና ተዋረደች ያለ ሰው አልሰማንም።

በዚያው በ2000 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ በርማን ናርጊስ የተባለ አውሎ ነፋስ መታት። የሞተውና የጠፋው ወደ 138 ሺህ ሰው ነው። ወታደራዊው መንግሥት የውጭ እርዳታ ሠራተኞችን ለሳምንታት አጉላላ። እህልና መድኃኒት የጫኑ የባዕድ መርከቦች ከባሕሩ ዳር ቆመው ቀሩ። ግንቦት 2 ቀን፣ ሬሳው ከሩዙ ማሳ ሳይነሣ፣ መንግሥቱ ስለ ሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ አካሄደ። ይህን ስናነብ እርስ በርስ ተያየን። የኛ መስከረም 2 ነው እኮ የመጣብን።

ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ከአብዮቷ ጥቂት ዓመታት በኋላ በደረሰባት ረሃብ የአሜሪካንን እህል ተቀብላ ነበር። በ1925 ዓ.ም. ግድም በደረሰው ረሃብ ግን «የለም» ብላ ካደች፤ ሚሊዮኖች አለቁ። ኅዳር 28 ቀን 1981 ዓ.ም. አርመንያ ስትንቀጠቀጥና 25 ሺህ ያህል ሰው ሲሞት፣ ጎርባቾቭ ከኒው ዮርክ ጉዟቸውን አቋርጠው ተመለሱ፤ በሩንም ለዓለም እርዳታ ከፈቱ። አንድ አገር፣ ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ልዩ ልዩ መልስ። እንግዲህ ነገሩ «የሕዝብ ባሕርይ» አይደለም ማለት ነው። ኩሩ ሕዝብ፣ ለማኝ ሕዝብ የሚባል ነገር የለም። በጊዜው ወንበር ላይ ያለው ሰው ማንን ይፈራል፣ ማንን ያፍራል ነው ጥያቄው።

ሚዛናችን እንዳያጋድል ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ ሀብታም አገርም ከዚህ በሽታ አያመልጥም። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. አሜሪካን ካትሪና የተባለው ማዕበል ሲመታት፣ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ድሀው ጣራ ላይ ወጥቶ ይጣራ ነበር። ኩባ ሐኪሞች ልላክ ብላ ጠየቀች፤ ተቀባይ አላገኘችም። ሁለተኛ፣ እርዳታ አልቀበልም ማለት ሁልጊዜ ክፋት አይደለም። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. የውቅያኖስ ማዕበል ሕንድን ሲመታ መንግሥቷ የውጭ እርዳታ አልፈልግም አለ። ነገር ግን ሟቹን አልደበቀም፤ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ሕዝቡን ረዳ፤ መርከቡንም ወደ ስሪላንካና ወደ ማልዲቭስ ልኮ ሌላውን ረዳ። ይህ ኩራት ነው ቢባል እንስማማለን። ክፋቱ እንቢ ማለት ላይ አይደለም። ክፋቱ መደበቁ ላይ ነው።

ስለ ኩራት ካነሣን የሜክሲኮን ነገር ሳንጽፍ አናልፍም። አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ ሜክሲኮ አደባባይን ያውቃል። ስሙ የተሰጠው በከንቱ አይደለም። ጣልያን ሲወረን ከኛ ጎን ከቆሙትና ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። እነሱም በዋና ከተማቸው በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አላቸው። መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም. ሜክሲኮ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈራረሰች። መንግሥቷ መጀመሪያ ላይ «የውጭ እርዳታ አያስፈልገንም» አለ። ሕዝቡ ግን መንግሥቱን አልጠበቀም። በባዶ እጁ ፍርስራሹን እየፈነቀለ ወገኑን አወጣ። ኋላ መንግሥቱም በሩን ከፈተ።

ያን ጊዜ ከመጡት እርዳታዎች አንዱ 5 ሺህ ዶላር ነበር። የላከውም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ነው። በ1978 ዓ.ም.! የኛ ሰው በየመጠለያው ሳለ! በ1928 ዓ.ም. ለተደረገልን ውለታ ነው ተባለ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ቆረም ላለ ሕፃንም ይሆን ነበር የሚል ቢኖር አንቆጣውም። ቢሆንም፣ ረሃባችንን ዓለም ሁሉ ካየው በኋላ፣ የሚደበቅ ገበና ሳይቀረን፣ ከጎደለብን ላይ ቆርሰን ሰጠን። ካነበብነው ሁሉ ኩራት ብለን የምንጠራው ይህን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ወለጋ እንመለስ። ረሃቡ እንደ ወሎና እንደ ትግራይ ወለጋን አልመታም። ወለጋ በቆሎው፣ ማሽላው፣ ጤፉ፣ ቡናው የሚበቅልበት አገር ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ በኮታ ሲሰበስብ ከነበረባቸው ትርፍ አምራች አካባቢዎች አንዱም ነው። ታዲያ የ«ሰባ ሰባት» ዕዳ ወለጋ እንዴት ገባ? መንግሥት ገበናው ሲገለጥበት ገጽታውን በችኮላ ማደስ ፈለገ። «ረሃብን ከሥሩ እንነቅላለን» አለ። መድኃኒቱም ሠፈራ ሆነ። 300 ሺህ ቤተሰብ፣ 1 ሚሊዮን ተኩል ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዛወር ተባለ። በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር 600 ሺህ ያህል ሰው ተዛወረ። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ፣ ሩብ ሚሊዮን ያህሉን፣ የተቀበለው ወለጋ ነው። አሶሳ ያን ጊዜ በወለጋ ሥር ነበረች፤ ቄጦ፣ ጃርሶ፣ አንገር ጉቲን ሁሉም የዚህ ታሪክ ስሞች ናቸው።

ሠፈራው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በትልልቅ ጣቢያ፣ በትራክተርና በጋራ እርሻ የሚካሄደው ነው። ሁለተኛው «ስግሰጋ» የተባለው፣ ሠፋሪውን በነባሩ ገበሬ መካከል ማስገባት ነው። ቃሉን ልብ በሉ። ጆንያ ውስጥ እንደሚሰገሰግ ዕቃ ማለት ነው እኮ! ሠፋሪው በፈቃዱ የመጣ ነበረ፤ እህል ይሰጣችኋል ተብሎ ተጠርቶ የተያዘም ነበረ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያዩበት ነበረ። የደጋ ሰው ቆላ ገብቶ ወባ ጨረሰው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት «ሠፈራው ሰው እየፈጀ ነው» ብሎ ስለ ተናገረ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ደግሞ ያው ገበና! የተናገረውን ማባረር እንጂ የተባለውን መመርመር አልሆነም።

ነባሩስ? መሬቱ «ሰው ያልነካው ድንግል መሬት» ተብሎ በካርታ ላይ ተሰመረ። ያ መሬት ግን የአንዱ ግጦሽ፣ የሌላው ጦም ያደረ እርሻ፣ የአንዱ የማር ቀፎ መስቀያ ነበር። ባለቤቱን የጠየቀው የለም። የገበሬ ማኅበሩ እንጨት ቁረጡ፣ ሣር እጨዱ፣ ጎጆ ሥሩ፣ እህል አዋጡ ተባለ፤ ሠራ፣ አዋጣም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህርም በ1977 ዓ.ም. ጎጆ ለመሥራት ወደ ሠፈራ ጣቢያዎች ዘምቷል። ሁሉም በትእዛዝ ነው።

የበቆሎው ነገር እዚህ ላይ ነው። እማማ ሲያጫውቱን፣ የገቡበት መንደር የደረሱት በሌሊት ነው። ዝናብ ይዘንባል። ጎጆው ጣራው አላለቀም። አንዲት የኦሮሞ እናት ጭላንጭል ኩራዝ ይዘው፣ የተቀቀለ በቆሎ በሰፌድ አምጥተው ፊታቸው አስቀመጡ። እሳቸው አማርኛ አያውቁም፣ የእማማም እናት ኦሮምኛ አያውቁም። «ኛዱ፣ ኛዱ» አሏቸው። ብሉ ማለት መሆኑን ከዚያ ቀን ጀምሮ አወቅሁ ይላሉ እማማ። ጎጆው በትእዛዝ የተሠራ ነው። እህሉም በዝርዝር የተዋጣ ነው። ያ በቆሎ ግን በማንም ዝርዝር ላይ አልተጻፈም። የታዘዘም አልነበረም።

ይህን ጽፈን «ሁሉም በፍቅር ኖረ» ብለን ብንዘጋው ደስ ባለን ነበር። ግን እኛም ገበና ሸፋኞች መሆናችን ነው። ሳይጠየቅ የተወሰደ መሬትና ሳይፈቅድ የተጫነ ሰው ውለው አድረው ቂም አፈሩ። ደርግ ሲወድቅ ከሠፋሪው ብዙው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ብዙውም ቀረ፤ ወለደ፣ ከበደ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ተገደለ። አብዛኞቹ በዚያ ሠፈራ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። በምሥራቅ ወለጋና በሆሮ ጉድሩም በእነዚህ ዓመታት አማራውም ኦሮሞውም ተገድሏል፣ ተፈናቅሏል። ከኛ ጋር በአንድ ወንበር ከሚቀመጡት መካከል የሁለቱም ልጆች አሉ። የበቆሎዋ እናት የልጅ ልጅና የሌሊቷ እንግዳ የልጅ ልጅ ዛሬ የሚፈራሩበት ቀን አለ። ይህን ስንጽፍ እጃችን ከብዶናል።

መደበቁስ ቀረ ወይ? ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በወለጋ አብዛኛው ክፍል ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በመጋቢት መጀመሪያ ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር፣ እጃችሁን ታጠቡ የሚለውን መልእክት እንኳ በስልክ የማይሰማ ወረዳ ነበረ ማለት ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የእንባ ጠባቂ ተቋም ትግራይና አማራ ክልል ውስጥ ወደ 400 የሚጠጋ ሰው በረሃብ መሞቱን አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤት ቆመው በረሃብ የሞተ ሰው የለም አሉ። አንድ ነገር ግን ከ1965 ዓ.ም. ተለውጧል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የተናገረው የባዕድ ካሜራ አይደለም፣ የራሳችን ተቋም ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የእህል እርዳታ ያስፈለገው ድርቅ ሲመጣም፣ ቁጥሩ ተነግሮ፣ ከመንግሥት ካዝናም ወጪ ሆኖ፣ እንደ ሰባ ሰባት ያለ እልቂት ሳይደርስ አልፏል። ስለዚህ ይቻላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። ሻይ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ለመታው ጓደኛችን መልሳችን ይህ ነው። አገር ኩራት ይኑራት፣ እኛም እንኮራለን። ነገር ግን የተራበ ሰው ገበና አይደለም። ወገን ነው። እሱን መቁጠር፣ ስሙን መጻፍ፣ «እዚህ መንደር ሰው ተርቧል» ብሎ ባዕድ ሳይቀድም መናገር አገርን አያዋርድም። ያዋረደንስ በየጊዜው ሌላ ሰው መጥቶ እስኪነግረን መጠበቃችን ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። በዚህ ክረምት ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ወደ ሻምቡ፣ ወደ ባኮ፣ ወደ አንገር ጉቲን የምትሄዱ አላችሁ። አያቶቻችሁን ስለ ሰባ ሰባት ጠይቋቸው። ሠፋሪ ከሆኑ እንዴት እንደ መጡ፣ ማንን መንገድ ላይ እንዳጡ ጠይቁ። ነባር ከሆኑ ምን እንደ ሰጡ፣ ምን እንደ ተወሰደባቸው ጠይቁ። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ በሰማችሁበት ቋንቋ ጻፉት። የሞተ ካለ ስሙን ጻፉ። ስትመለሱ ለዝግጅት ክፍላችን ስጡን፤ ስቴንስሉ እስከ ቻለ ድረስ እናትመዋለን። እማማ የኛን ጽሑፍ አንብበንላቸው ነበር። ዝም ብለው ሰሙና «የዚያችን ሴት ስም ግን አልጻፋችሁም» አሉን። ስሟን እሳቸውም አያውቁትም። ምናልባት ከእናንተ አንዱ ያውቀው ይሆናል።